ፈተናዋን ትጨርስ

አባቴ አስራ ሁለተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሯል። አንዴ በልጅነቱ አዲስ አበባ፣ አንዴ ደግሞ ከእኔ ጋር ላስ ቬጋስ፣ መስኮታችን ሥር ያለችው የምግብ ጠረጴዛ ላይ። ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፤ እኛም እንስቅበት ነበር። አሁን ልጽፈው ስቀመጥ ግን እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ቢሆንም ለእናንተ እነግራችኋለሁ። እናቴ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ስለማታነብ፣ እዚህ ላይ እንደማታገኘው እርግጠኛ ነኝ።

ስሜ ሶስና ነው። ያኔ የአስራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። በዲቪ የመጣን ቤተሰብ ነን፤ ስንመጣ አማርኛ ማንበብና መጻፍ ጨርሼ ነበር፤ የቀረውን አባዬ እንዳልረሳ በግድ ያዘልኝ። የምንኖረው ሰንራይዝ ማነር ነው፤ ደረጃው በውጭ በኩል የሆነ አፓርታማ፣ ላይኛው ቤት። እማዬ ሆቴል ውስጥ ላውንደሪ ትሠራለች። አባዬ ዲለር ነበር፤ ካዚኖ ውስጥ ለተጫዋቾች ካርታ ያድላል። ቸርች ውስጥ በዚህ ያልተረበው ሰው የለም።

"ወንድም ግርማ፣ እሑድ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ሰኞ ካርታ!" ይሉታል።

"እኔ አድላለሁ እንጂ አልጫወትም። አንተስ ፒዛ ስታደርስ ከሳጥኑ ትበላለህ?" ይላል። እዚያው ሳቅ በሳቅ ይሆናሉ።

ዲለሮች ከጠረጴዛቸው ሲነሱ የሚያደርጉት ነገር አለ። አንዴ ያጨበጭቡና መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ገልበጥ አድርገው ያሳያሉ። ከላይ ላለው ካሜራ "ምንም አልያዝኩም" ማለታቸው ነው። ይሄ ነገር አባዬን ቤት ድረስ ተከትሎት መጣ። ራት በልቶ ሲነሳ ያጨበጭብና መዳፉን ያሳየናል። ሪሞት ሲጠፋ፣ ቸኮሌት ከፍሪጅ ሲጎድል፣ "እጅ!" ይላል። እኔና እማዬ እናጨበጭብና እንዘረጋለን። መዳፍ ከታየ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። እኛ ቤት በመዳፍ ዋሽቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

በማርች ሁለት ሺህ ሃያ ካዚኖው ሁሉ በኮሮና ተዘጋ። አባዬ ቤት ዋለ። የእኔም ትምህርት ኦንላይን ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ይሰማ ነበር። በኋላ ወንበሩን ሳበ። በኋላ ደብተርና እስክሪብቶ ይዞ፣ ካሜራው እንዳያየው ጥግ ይዞ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። በቃ፣ ተማሪ ሆነ! ሊትሬቸር ሲሆን በመጽሐፉ ውስጥ ካሉት ሰዎች ጋር ይጣላል። "ይቺ ልጅ ቁጭ ብላ ከእናቷ ጋር ብትነጋገር ኖሮ እኮ ይሄ ሁሉ ገጽ ባላስፈለገ" ይላል። ታሪክ ሲሆን ዝም ብሎ ይጽፋል። ጋቨርመንት፣ ማለትም የመንግሥት አሠራር ትምህርት፣ ሲሆን መምህሩ ጠይቆ እስኪጨርስ አይጠብቅም፤ በክርኑ ይጎስመኛል። ኦገስት መጨረሻ ላይ አዲሱ ዓመት ተጀምሮ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ማይኩን ሳላጠፋው ኖሮ "ሶሲ፣ ንገሪያቸው እንጂ!" ሲል ክፍሉ በሙሉ ሰማው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። መምህራችን ሚስተር ኮል ግን ሳቀና "ሁለተኛው ተማሪዬ ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ "ሁለተኛው ተማሪዬ እንዴት ነው?" ሳይለኝ ክፍል አይጀምርም። አባዬ ያን ቀን ጥርሱን ሲከድን አልዋለም።

የሚስተር ኮል ትምህርት ስለ ታሪክ፣ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ኅብረተሰብ ነበር፤ አንድ መሣሪያ ሲመጣ የሰው ኑሮ እንዴት እንደሚለወጥ። የመንፈቅ ዓመቱ መጨረሻ ፈተና ወረቀት አልነበረውም። ከቤተሰባችን አንድ ሰው ጠይቀን፣ ድምፁን ቀድተን፣ ለክፍሉ ማቅረብ ነበረብን። ማንን እንደምጠይቅ ማሰብ አላስፈለገኝም።

ኖቬምበር ውስጥ አንድ ከሰዓት፣ እማዬ ሺፍት ላይ እያለች፣ ስልኬን በመካከላችን አስቀምጬ መቅዳት ጀመርኩ። አባዬ ያኔ በሳምንት ጥቂት ቀን ሥራ ተመልሶ ነበር።

"አባዬ፣ ድሮ ዜና እንዴት ነበር የሚደርሳችሁ?"

"የምን ዜና?"

"የፈለግከው።"

ትንሽ አሰበ። "የሞት ዜና ልንገርሽ። መርዶ። ስልክ መጥቶ ያበላሸው እሱን ነው።"

ከዚያ አወራኝ። መርዶ የራሱ ሕግ አለው አለኝ። የሚነግሩት ሰዎች ይመረጣሉ፤ ማንም ብቻውን አይመጣም። አይቸኩሉም። ሰውየው እህል መቅመሱን ያጣራሉ፤ በባዶ ሆድ መርዶ አይነገርም። ሥራ ላይ ከሆነ ሥራውን እስኪጨርስ ደጅ ቆመው ይጠብቃሉ። ተሰብስበው ሲገቡ ደግሞ ማንም ምንም ሳይል ይታወቃል።

"ደስ ይላል እኮ። ደግነት ነው" አልኩት።

"ደግነት ነው። ግን የእኔን ስሚ።" ድምፁ ዝቅ አለ። "ጉለሌ አጎቴ ቤት ሆኜ ነው የምማረው። እናቴ ሆሳዕና ናት። የማትሪክ ሳምንት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት የአጎቴ ሚስት እንቁላል ጠብሳ አቀረበችልኝ። በማግሥቱም እንቁላል። እኔ ጅሉ፣ ለፈተናው መስሎኝ ጥርግ አድርጌ እበላለሁ! ለካ እናቴ አርፋለች።"

"ከዚያስ?"

"የመጨረሻውን ፈተና ጨርሼ ስወጣ፣ የትምህርት ቤቱ በር ላይ አጎቴና የሰፈር ሽማግሌዎች ቆመዋል። ሳያቸው ገባኝ። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሮጥኩ! ካልደረሱብኝ አልሞተችም ማለት ነው ብዬ ሮጥኩ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከኋላዬ!"

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እሱም ሳቀ፤ ቶሎ አቆመ እንጂ።

"ተቀብራ ነበር፣ ሶሲ። አልጋ ላይ ሆና 'ልጄን ጥሩልኝ' ብላለች። 'ፈተናውን ይጨርስ' አሏት። ለእኔው ብለው ነው። ማትሪኩንም አለፍኩ። ግን እስከ ዛሬ አልተውኩላቸውም። አንቺን ማንም እንዲህ አያደርግሽም። እኔ እያለሁ፣ ማንም።"

ከዚያ አጨበጨበና መዳፉን አሳየኝ። ቀረጻው እዚያ ላይ ያበቃል፤ ጭብጨባው ይሰማል።

ከፈረንጆቹ ገና በኋላ ሳል ጀመረው። እኛም ተያዝን፤ እኔና እማዬን ግን ቶሎ ለቀቀን። እሱን አልለቀቀውም። አንድ ጠዋት ከአልጋው ወደ መታጠቢያ ቤት መሄድ አቃተው፤ ደረቱ ሲነፋና ሲጎድል ከሳሎን ይሰማ ነበር። አምቡላንስ ጠራሁ። ደረጃውን በወንበር አውርደው ሲወስዱት ዞር ብሎ ወደ ላይ አየን። የኦክስጅን ጭምብል አድርጓል፤ መናገር አልቻለም። እጁን አነሳና በቀስታ አጨበጨበ፤ መዳፉን ገልበጥ አደረገልን። እማዬ "ኧረ ተው፣ አታሟርት!" ብላ ጮኸችበት። እኔ አጨበጨብኩለት። በሩ ተዘጋ።

ሆስፒታል መግባት ክልክል ነበር። በቀን አንዴ ነርሷ ትደውላለች፤ የምትደውለው ለእኔ ነው፤ ቤት ውስጥ እንግሊዝኛው ያለው እኔ ጋ ነዋ። ሐሙስ ዕለት ጉሮሮው ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ አስገቡለት። "አያወራም፤ ግን ሊሰማ ይችላል። አይፓድ ሲገኝ እንደውልላችኋለን፤ ታወሩታላችሁ" አለችኝ። ከዚያ በኋላ በዓለም ላይ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ ያ ጥሪ። ስተኛም ስልኩ ጉንጬ ሥር ነው። የምለውን እንኳ አዘጋጅቻለሁ፤ "አባዬ፣ ክፍል እየቀረህ ነው" ልለው ነበር። ይስቃል ብዬ ነው። ቱቦ አፉ ውስጥ እያለ እንዴት እንደሚስቅ አላሰብኩትም።

ለትምህርት ቤት አልተናገርኩም። ከተናገርኩ የሚብስ መሰለኝ። ፈተናዬ ማክሰኞ ነበር። ሰኞ ወደ ማታ እማዬ ክፍሌ መጣች።

"ስልኩን ስጪኝ። ነገ ፈተና አለብሽ፤ አጥኚ።"

"ቢደውሉስ?"

"እጠራሻለኋ!"

"እማዬ፣ ማዪልኝ።"

"አፈር ስሆን እጠራሻለሁ። አሁን አምጪ።"

ሰጠኋት። ትንሽ ቆይታ "ጋሽ ታደለ ምግብ ይዘው ታች መጥተዋል፤ ልቀበላቸው" ብላ ወረደች። ጋሽ ታደለ የቸርቻችን ሽማግሌ ናቸው፤ አባዬ ከተኛ ጀምሮ ከኖርዝ ላስ ቬጋስ እየነዱ ምግብ ያመላልሳሉ። እኔ የአባዬን ድምፅ ከስልኬ ትምህርት ቤት ወደሰጠኝ ኮምፒዩተር ኮፒ አድርጌው ስለነበር ኢርፎኔን አድርጌ ለነገው መቆራረጥ ጀመርኩ። እማዬ ቆየች። ስትመለስ በሬን ከፍታ አየችኝ። ኢርፎኔን አውልቄ "ደወሉ እንዴ?" አልኳት። "የለም፤ ተኚ" አለችኝ።

ጠዋት ስነሳ ቤቱ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ጨጨብሳ! በማክሰኞ! እማዬ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ስበላ ታየኛለች። ዓይኗ ቀልቷል።

"አለቀስሽ?"

"ሽንኩርት ነው።"

ጨጨብሳ ውስጥ ሽንኩርት የት አለ? ይሄን ያሰብኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሐሳቤ ስላይዶቼ ላይ ነበር።

"ሆስፒታል ደወሉ?"

"ደወሉ። እንደዚያው ነው አሉ። ብዪ እንጂ፤ አትተዪው።"

"ስልኬን ስጪኝ።"

"ፈተናሽን ጨርሺና።"

በላሁ። ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ጠረጴዛዬ መስኮቱ ሥር ስለሆነ ፓርኪንጉ በሙሉ ይታየኛል። ክፍል ገባሁ። ሚስተር ኮል "ሁለተኛው ተማሪዬ እንዴት ነው?" አለ። "ደህና ነው" አልኩት። ከእኔ በፊት አንድ ልጅ ስለ አያቱ የእርሻ ትራክተር አቀረበ። እሱ ሲያወራ ዓይኔን ወደ ውጭ ጣልኩ። የጋሽ ታደለ ነጭ ቫን ገባ፤ ፊቱን ወደ ቤታችን አድርጎ ፓርክ አደረገ። ምግብ አመጡ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልወረዱም። ጋሽ ታደለ መጋዘን ነው የሚሠሩት፤ የጠዋት ሺፍት። ማክሰኞ በዚህ ሰዓት እዚህ ምን ይሠራሉ? ኦፍ ወስደው ይሆናል አልኩና ተውኩት።

ተራዬ ደረሰ። ኢርፎኔን አስተካከልኩ፤ ካሜራዬን ከፈትኩ። እማዬ ከኋላዬ ሶፋው ላይ ተቀምጣለች። "ዛሬ የማቀርበው አባቴ ስለነገረኝ ነገር ነው" ብዬ ጀመርኩ፣ በእንግሊዝኛ። የአባዬን ድምፅ አጭር አጭር አድርጌ አሰማቸዋለሁ፤ ከዚያ እተረጉማለሁ። በኢርፎን ስለሆነ እኛ ቤት ውስጥ ድምፁን የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

"መርዶ የራሱ ሕግ አለው" አለ አባዬ ጆሮዬ ውስጥ። ተረጎምኩ። አንዲት ግራጫ መኪና ገባች፤ የእትዬ ሙሉ ናት፤ የእማዬ የጸሎት ጓደኛ፣ ከሰዘርን ሃይላንድስ። ያን ሁሉ መንገድ በዚህ ጠዋት! መኪናዋን ከቫኑ ጎን አቆሙ። እሳቸውም አልወረዱም።

"ማንም ብቻውን አይመጣም።" ተረጎምኩ። የፓስተራችን መኪና ገባ።

"አይቸኩሉም።" ሦስቱም ሞተራቸውን አጥፍተው፣ ማስክ አድርገው፣ መሪያቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። እትዬ ሙሉ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል።

"እህል መቅመሱን ያጣራሉ።"

ምላሴ ላይ የጨጨብሳው ቅቤ ነበረ። ክው አልኩ። እጄ ማውሱ ላይ ቀረ። ስክሪኑ ላይ የራሴን ፊት አየሁት፤ አፌ ተከፍቷል። ከፊቴ ጀርባ እማዬ ከሶፋው ተነሳች። የጨረስኩ መስሏት ይሆናል። ከጀርባዬ ወደ መስኮቱ ጠጋ ብላ፣ እንዳላያት በራሴ ላይ ወደ ታች፣ ወደ መኪናዎቹ፣ መዳፏን ዝቅ ዝቅ አደረገች። ገና ነው፤ ቆዩ።

አየኋት። ስክሪኑ ላይ ቁልጭ ብሎ ታየኝ።

አሁን የምነግራችሁን እንዴት እንደምትወስዱት አላውቅም። ብዙ ሰው "እኔ ብሆን ኖሮ እጮህ ነበር፣ ኮምፒዩተሩን እወረውር ነበር" ይላል። እኔ መናገሬን ቀጠልኩ። አባዬ ሮጧል፤ እኔ የምሮጥበት የለኝም፤ ያለኝ ይሄ ክፍል ብቻ ነው። ክፍሉ እስካላለቀ ድረስ እነዚያ ሰዎች ደረጃውን አይወጡም። እነሱ እስካልወጡ ድረስ ደግሞ ማንም ምንም አላለኝም። እንዲህ ነበር ያሰብኩት። ስለዚህ አስረዘምኩት።

የእንቁላሉን ታሪክ አሰማኋቸው። ሽማግሌዎቹ ጋቢ ሰብስበው ሲሮጡ ክፍሉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሳቄ ለራሴ አስፈራኝ። ከዚያ አባዬ "እኔ እያለሁ፣ ማንም" አለ። ያንን አልተረጎምኩትም። ጭብጨባው ተሰማ። አለቀ።

"ግሩም ነው ሶስና፤ እናመሰግናለን" አለ ሚስተር ኮል።

"ትንሽ ቀርቶኛል" አልኩ። ምንም አልቀረኝም። ስለ ስልክ እንጨት አወራሁ፤ ስለ ሬዲዮ አወራሁ፤ ሰው የአባቱን ሞት በፌስቡክ ስለሚሰማበት ዘመን አወራሁ። በሕይወቴ ያነበብኩትን ሁሉ፣ የታሪኩንም የሊትሬቸሩንም፣ አንድ ላይ ደባልቄ አወራሁ። እማዬ ሁለተኛ ጊዜ ከጀርባዬ ወደ መስኮቱ ቀረበች። ሁለተኛ ጊዜ መዳፏን ዝቅ አደረገች።

"ሶስና፣ ሰዓታችን..."

"ጥያቄ የለም? እባካችሁ፣ ማንም ሰው ጥያቄ የለውም?"

ጥቁር ሳጥን ሁሉ። ካሜራውን የከፈተ የለም። ከዚያ በዓመቱ አንድ ቀን ተናግራ የማታውቅ ልጅ ማይኳን ከፈተች። "ሲመጡ ምንድን ነው የሚሉት?" አለች።

"ምንም አይሉም። ሲገቡ ታውቂዋለሽ" አልኳት።

"ይሄ ከሰማኋቸው ሁሉ የተሻለ ነው" አለ ሚስተር ኮል። "ለሁለተኛው ተማሪዬ ሰላም በይልኝ። እሱም አልፏል በይው።"

"እነግረዋለሁ" አልኩት።

ስክሪኑ ተዘጋ። ኢርፎኔን አላወለቅሁም። እማዬ መስኮቱ ጋ ሄዳ፣ አሁን ሳትደበቅ፣ እጇን አነሳች። የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ ሌላ በር፤ ሌላ በር። የብረቱ ደረጃ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጋሽ ታደለ ከፊት፣ ፓስተር ከኋላቸው፣ እትዬ ሙሉ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ማስካቸው ዓይናቸው ሥር ረጥቧል።

"ሶስና ልጄ" አሉ ጋሽ ታደለ። ከዚያ ወዲያ አልቻሉም።

"መቼ?" አልኩ።

እትዬ ሙሉ በሩን ከኋላቸው ዘጉ።

"መቼ ነው ያልኩት!"

"ትናንት ማታ" አለች እማዬ።

"በአይፓዱ ደወሉ?"

"ደወሉ።"

"ማን አወራው?"

"እኔና ጋሽ ታደለ። ታች፣ መኪናቸው ውስጥ ሆነን። ጸለይንለት።"

ትናንት ማታ፣ እነሱ ታች መኪና ውስጥ ሲያወሩት፣ እኔ ከላያቸው ክፍሌ ውስጥ ኢርፎን አድርጌ እሱኑ እየሰማሁ ነበር። እዚያ ትንፋሹ እየቆመ፣ እዚህ ጆሮዬ ውስጥ ስለ እንቁላል እየሳቀ። በሩን አንኳኩታ "ነይ" ብትለኝ እደርስ ነበር፤ ባዶ እግሬን እደርስ ነበር!

"እጠራሻለሁ ብለሽኝ ነበር" አልኳት። "አፈር ስሆን ብለሽኝ ነበር!"

እማዬ እግሬ ሥር ተቀመጠች። "ልጠራሽ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም ልጠራሽ ነበር" አለች። "እሱ ራሱ ነው የከለከለኝ። 'ፈተናዋን ትጨርስ፣ እንዳትነግሯት' አለ። የመጨረሻ ቃሉ ነው፣ ሶሲዬ።"

ጋሽ ታደለ ወደ መሬት አዩ።

ከሐሙስ ጀምሮ ቱቦ ጉሮሮው ውስጥ ነበር። ነርሷ የነገረችኝ ለእኔ ነው፤ ለእማዬ የተረጎምኩላትም እኔው ነኝ። አንዲት ቃል ሊል አይችልም። ቢችልም ደግሞ፣ በምድር ላይ ያንን የማይለው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ነበር። አየኋት። ፊቷ ላይ ውሸት አልነበረም፤ ልመና ነበር። ጮህኩ እንጂ ቃል አላወጣሁም።

ቀብሩ ላይ ጥቂት ሰው ብቻ ነበር የተፈቀደው፤ የቀረው ከመኪናው ሆኖ አየ። ፈተናዬን ከማንም በላይ በሆነ ውጤት አለፍኩ። ጁን ላይ የምረቃ ዲፕሎማዬን በመኪና መስኮት ተቀበልኩ፤ እማዬ እየነዳች፣ የአባዬ ወንበር ላይ እኔ። እልልታዋን ስታቀልጠው የጎረቤት መኪናዎች ጥሩምባ ነፉልን።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ የተማርኩትን ብትጠይቁኝ የምላችሁ አጥቻለሁ። ሰው ከመከራ ጥበብ ያገኛል ይባላል፤ እኔ ያገኘሁት ስልኬን ለማንም አለመስጠት ብቻ ነው። ክፉ ሰው አልነበረበትም። ጋሽ ታደለ ሺፍታቸውን ጥለው መጥተዋል። እማዬ ባሏን እያጣች ሌሊቱን ሙሉ ድምፅ ሳታሰማ አልቅሳ አድራ ጨጨብሳ ሠርታልኛለች። ሁሉም ለእኔ ብለው ነው። በማን ልናደድ? አባዬ "አልተውኩላቸውም" ሲል የገባኝ መስሎኝ ነበር፤ አልገባኝም ነበር። አሁን ገብቶኛል፤ ልነግረው ብል ግን የለም። ቤታችሁ ውስጥ ፈተና ያለበት ልጅ ካለ፣ ሰው ደግሞ እየሞተ ከሆነ፣ በሩን አንኳኩ። ይውደቅ። ፈተና ይደገማል።

እማዬ ያንን "የመጨረሻ ቃል" እስከ ዛሬ ለመጣው እንግዳ ሁሉ ትናገራለች። "ፈተናዋን ትጨርስ አለ" ትላለች፤ እንግዳው ከንፈሩን ይመጣል፤ እሷ ዓይኗን ትጠርጋለች። ስትደጋግመው ስትደጋግመው አምናዋለች። አሁን እውነቷን ነው። እሱ ላይ ነው የቆመችው፤ ከሥሯ ብስበው ትወድቃለች።

የተመረቅሁበት ሰመር ላይ አንድ ከሰዓት ከሥራ ገባች። ጫማዋን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተቀመጠች።

"ሶሲ፣ ድምፁን እየረሳሁት ነው" አለችኝ። "ዛሬ ልብስ እያጠፍኩ፣ ስሜን እንዴት ነበር የሚጠራኝ ብዬ አጣሁት። ያኔ ለትምህርት የቀዳሽው ነበር አይደል? እስቲ አሰሚኝ።"

ከዚያ ቅጂ ሌላ ያለን የሠርግ ላይ ጩኸትና አጫጭር ቪዲዮ ብቻ ነው። ረጋ ብሎ የሚያወራበት ያ ብቻ ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ ያ ነገር አለ፤ እናቱ፣ "ፈተናውን ይጨርስ"፣ "አንቺን ማንም እንዲህ አያደርግሽም"።

"ጠፍቷል እማዬ" አልኳት።

"እንዴት ይጠፋል?"

"ኮምፒዩተሩን ለትምህርት ቤት ስመልስ አብሮ ጠፋ።"

ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ አባዬ ከሄደ ወዲህ እኛ ቤት ተብሎ የማያውቀውን አለች።

"እጅ።"

አጨበጨብኩ። መዳፌን ዘርግቼ፣ ገልበጥ አድርጌ አሳየኋት። አመነችኝ። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ማልቀስ ጀመረች። እኔም ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ በእጄ ሸፍኜ አጠገቧ ተቀመጥኩ።